ሦስት በር፣ አንድ ጎተራ፦ በኔትወርክ የተጋራ ዲስክ ስንት ቦታ እንደቀረው በትክክል ለማወቅ

ታኅሣሥ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ቢሮ ገብቼ እጄን እንኳ ሳላሞቅ ስልኬ ጮኸ። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ናቸው።

«ልጄ፣ ስካነሩ ቦታ የለም እያለኝ ነው።»

«እትዬ፣ ከ500 ጊጋ በላይ አለ እኮ! ሪፖርቱን የላክሁት በቅርቡ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ፣ የለም ነው የሚለኝ። ና እስኪ እየው።»

ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነበር። ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከምንጃር የመጡ የቆዩ መዝገቦች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ስካነሩ ቆሟል። በእኔ ሪፖርት 540 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ነበረን። እሱን አምነን 400 ጊጋባይት የሚፈጅ የስካን ሥራ ጀመርን። ከመጀመሪያውም የነበረን ግን 180 ብቻ ነው። ዲስክ ይገዛ ቢባል አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ግዢውም የራሱ ወረፋ አለው። ሥራው ሳምንታት ቆመ።

ሰርቨሩ አልዋሸም። ሪፖርቱን የሚያወጣው ስክሪፕቴ የሦስት ማውንቶችን (ከሰርቨሩ በኔትወርክ ተጋርተው ኮምፒውተሬ ላይ እንደ ፎልደር የተገናኙ ቦታዎችን) ነጻ ቦታ ደመረ፤ ሦስቱም ግን የአንድ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች የሚቀመጡበት አንድ የዲስክ ክፍል) በሮች ነበሩ። አንድን ጎተራ በሦስት በር አይቶ፣ በየበሩ «ገና 60 ኩንታል ገብስ ይይዛል» ብሎ፣ በመጨረሻ 180 ኩንታል ይይዛል እንደማለት ነው። ገበሬው ይህን አይሳሳተውም። እኛ ኮምፒውተር ላይ የምንቀመጠው ግን በየቀኑ እንሳሳተዋለን።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የእኔ ስህተት እናንተ ጋ እንዳይደገም ነው። ሊኑክስ ላይ ኤንኤፍኤስ (የሰርቨርን ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራ ዘዴ) ለምትጠቀሙ ነው የታሰበው። ትእዛዞቹን በአጠራራቸው እጽፋቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ ሌላ ካላልኩ በትንንሾቹ ፊደላት ጻፏቸው።

መጀመሪያ፦ ቁጥሩን የሚናገረው ማን ነው?

ዲኤፍ የሚባለው ትእዛዝ የኔትወርክ ዲስክን ራሱ አይለካም። ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ የተባለውን ያሳያል። በ1995 በወጣው የኤንኤፍኤስ ስሪት 3 ሰርቨሩ ስለ ቦታ ስድስት ቁጥሮች ይመልሳል። ሦስቱ በባይት ናቸው፦ ጠቅላላው፣ ያልተያዘው፣ እና ለጠያቂው ተጠቃሚ የሚፈቀደው። ሌሎቹ ሦስቱ ስለ ፋይል ብዛት የተሰጡ ተመሳሳይ መልሶች ናቸው። ስሪት 4ም ይህንኑ በሌላ መልክ ይመልሳል።

ልብ በሉ። ሰርቨሩ የሚመልሰው ስላጋራችሁት ፎልደር ብቻ አይደለም። ፎልደሩ ስለተቀመጠበት ፋይል ሲስተም በሙሉ ነው። «ስካን» የሚባለውን ፎልደር ስትጠይቁት ስለ ጎተራው ይነግራችኋል እንጂ ስለ በሩ አይነግራችሁም። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ማውንት መደረጉን አረጋግጡ

ዲኤፍን ለጊዜው ተዉት። «ፋይንድማውንት ሰረዝ ቲ» ብላችሁ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ «ኤንኤፍኤስ ኮማ ኤንኤፍኤስ4» ጻፉ። ይህ ትእዛዝ ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) የማውንት ዝርዝር ላይ ያነባል። ሰርቨሩን ስለማይጠይቅ ሰርቨሩ ቢጠፋ እንኳ አይደርቅም።

ለምን ከዚህ እንጀምራለን? መብራት ስለሚጠፋ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዴስክቶፑ ቶሎ ይነሳል፣ ሰርቨሩ ይዘገያል። ማውንቱ ይከሽፋል። ፎልደሩ ግን በቦታው አለ፣ ባዶውን። ያኔ ዲኤፍን በዚያ ፎልደር ስም ብትጠይቁት ስህተት አይልም። የዴስክቶፑን የራሱን ዲስክ ነጻ ቦታ ይሰጣችኋል። ቁጥሩ ትክክለኛ ይመስላል፣ የሌላ ቤት ቁጥር ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰው ፋይሉን እዚያው ይጽፋል። ማውንቱ ሲመለስ ፋይሉ ከሥሩ ይደበቃል፤ ማንም አያየውም፣ ቦታ ግን ይበላል።

ስለዚህ ምንጩን የሚያሳየውን ዓምድ ሁልጊዜ እዩ። የሰርቨሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የፎልደሩ አድራሻ መኖር አለበት። የአገር ውስጥ ዲስክ ስም ካያችሁ ቁጥሩን አትመዝግቡት።

እኔ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ማውንቱ ተነቅሎ ሳለ ባዶውን ፎልደር በ«ቻትር ፕላስ አይ» እቆልፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማውንቱ ከሌለ ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) እንኳ እዚያ መጻፍ አይችልም። ማውንት ማድረግን ግን አይከለክልም።

አውቶኤፍኤስ (ፎልደሩ ሲነካ ብቻ ማውንት የሚያደርግ አገልግሎት) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ማንም ያልነካው ማውንት ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ስክሪፕታችሁ መጀመሪያ ፎልደሩ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ ይጠይቅ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን በባይት ተቀበሉ

«ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» ለዓይን ይመቻል። ለሪፖርት ግን አይሆንም። ቁጥሩን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያጠጋጋው። 1.01 ቴራባይት ቀርቷችሁ 1.1 ይላችኋል። በቴራባይት ደረጃ ይህ ልዩነት ከ90 ጊጋባይት በላይ ነው፣ የእኛን ስካነር ቀናት የሚያሠራ ቦታ!

በትልቁ ቢ፣ «ዲኤፍ ሰረዝ ቢ1» ብትሉ በአንድ ባይት አሃድ ይሰጣችኋል። «ሁለት ሰረዝ አውትፑት» በሚለው አማራጭ ደግሞ የምትፈልጉትን ዓምድ ብቻ ምረጡ፦ ሶርስ፣ ሳይዝ፣ ዩዝድ፣ አቬይል፣ ታርጌት። በዚህ መንገድ ስክሪፕታችሁ «አራተኛው ዓምድ» እያለ አይገምትም።

አሃዱንም ጻፉ። ትንሿ ኤች በ1024 ታካፍላለች፣ ትልቋ ኤች በ1000። ካርቶኑ ላይ 4 ቴራባይት የተባለ ዲስክ በትንሿ ኤች 3.7 ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ማንም አልሰረቀውም። አንድ ጊዜ የሂሳብ ክፍል ሰው «300 ጊጋ የት ገባ?» ብለው ጠይቀውኝ ግማሽ ቀን ሳስረዳ ውያለሁ።

ደረጃ 3፦ ያልተያዘው ሁሉ የእናንተ አይደለም

እዚህ ላይ ጎተራው እንደገና ይጠቅመናል። ገበሬ ጎተራው ውስጥ ያለውን እህል ሁሉ ይበላል ብሎ የሚቆጥር የለም። ለዘር የሚቀመጥ አለ፣ አይነካም። ኤክስት4 የሚባለው ፋይል ሲስተም እንዲሁ ነው። ሲፈጠር ካልነገራችሁት በቀር 5 በመቶውን ለሩት ያስቀምጣል። ዲስኩ ጢም ቢል እንኳ ሲስተሙ እንዳይታነቅ ነው።

በምሳሌ እንየው። ዲስኩ 1000 ጊጋባይት ነው። 600 ተይዟል። ያልተያዘው 400 ነው። ከዚህ ላይ 50ው ለሩት የተቀመጠ ነው። ለእናንተ የሚፈቀደው 350 ብቻ። ዲኤፍ «አቬይል» ብሎ የሚያሳየው 350ውን ነው። በመቶኛ ሲያሰላም 600ን ለ1000 አያካፍልም። 600ን ለ950 ያካፍልና ወደ ላይ ያጠጋጋል፦ 64 በመቶ። በካልኩሌተር 60 አግኝታችሁ ዲኤፍ ተሳስቷል ብላችሁ እንዳትፈርዱ።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ለሪፖርት «አቬይል» የሚለውን ውሰዱ። ከጠቅላላው የተያዘውን ቀንሳችሁ ራሳችሁ አታስሉ። 4 ቴራባይት ዳታ ብቻ የሚቀመጥበት ዲስክ ላይ 5 በመቶ ማለት 200 ጊጋባይት ነው፣ ይበዛል። ሰርቨሩ ላይ «ቲዩን ቱ ኤፍኤስ ሰረዝ ኤም 1» ብላችሁ የዲስኩን ስም ብትሰጡ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። የሲስተሙ ዲስክ ላይ ግን ተዉት። ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ይህ የሩት 5 በመቶ የለም።

ደረጃ 4፦ ስንት ጎተራ እንዳለ ቁጠሩ

እኔን የጣለኝ እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ሦስት ማውንት ነበረኝ፦ መዝገብ፣ ስካን፣ የሠራተኞች ፎልደር። ዲኤፍ ሦስት ረድፍ አሳየ። በሦስቱም ጠቅላላው፣ የተያዘውና የቀረው እስከ መጨረሻዋ ባይት አንድ ዓይነት ነው። ያኔ ዓይኔ እያየ አለፈኝ። ሁለት የተለያዩ ዲስኮች እስከ ባይት የሚገጣጠሙበት አጋጣሚ የለም ማለት ይቻላል። በረድፎች መካከል እንዲህ ያለ መመሳሰል ካያችሁ አንድ ጎተራ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ከክላየንቱ (ዲስኩን በኔትወርክ ከሚጠቀመው ኮምፒውተር) ሳትነሱ ነው። «ስላሽ ፕሮክ ስላሽ ኤፍኤስ ስላሽ ኤንኤፍኤስኤፍኤስ ስላሽ ቮልዩምስ» የሚባለውን ፋይል አንብቡ። በየረድፉ የኤንኤፍኤስ ስሪቱ፣ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርቱ፣ የመሣሪያ ቁጥሩና «ኤፍኤስአይዲ» የሚባለው የፋይል ሲስተሙ መታወቂያ አለ። ሰርቨሩና ኤፍኤስአይዲው አንድ ከሆነ ጎተራው አንድ ነው። የትኛው ረድፍ የትኛው ማውንት እንደሆነ ለማገናኘት «ፋይንድማውንት» የመሣሪያ ቁጥሩን እንዲያሳይ እዘዙት፤ ዓምዱ ሜጅ ሁለት ነጥብ ሚን ይባላል።

ይህ መንገድ ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል። አንዱን ሰርቨር በሁለት የተለያዩ አይፒዎች ማውንት ካደረጋችሁት ሁለት ሰርቨር ይመስላል። ሰርቨሩ ላይ ኤክስፖርት ሲደረግ (ፎልደሩ ለኔትወርክ ሲከፈት) ለየፎልደሩ የተለያየ ኤፍኤስአይዲ በእጅ ተሰጥቶ ከሆነም አንዱ ጎተራ ብዙ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ የመጨረሻው ዳኛ ነው። ሰርቨሩ ላይ ግቡ። እዚያው ላይ ዲኤፍን የሦስቱንም ፎልደሮች አድራሻ አንድ ላይ ስጡት። የምንጩ ዓምድ ላይ ሦስቱም አንድ ዲስክ ካሳዩ አለቀ።

ሦስተኛው ሰርቨሩ ላይ የመግባት ፈቃድ ለሌለው ነው፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን በዓይን ያሳያል። ቦታ መኖሩን አረጋግጡና በአንዱ ማውንት ላይ 10 ጊጋባይት የሚሆን የሙከራ ፋይል በዲዲ ጻፉ። ምንጩ «ስላሽ ዴቭ ስላሽ ዩራንደም» ይሁን። ዜሮ ብቻ ከጻፋችሁ፣ ዳታን የሚጨምቅ ፋይል ሲስተም ምንም ቦታ ላይወስድበት ይችላል። ከዚያ «ሲንክ» በሉ። ክላየንቱ የጻፋችሁትን ለጊዜው ሚሞሪ ላይ ሊይዘው ስለሚችል፣ ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ብትጠይቁ ቁጥሩ አይቀንስም። አሁን ዲኤፍን ጥሩ። በአንዱ ጻፋችሁ፣ በሦስቱም 10 ጊጋ ቀነሰ? በቃ፣ አንድ ነው። ፋይሉን ማጥፋት አትርሱ። ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት አታድርጉት፣ ሌላው የሚጽፈው ይቀላቀልባችኋል።

ሰርቨሩ ዜድኤፍኤስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ ፑል (የጋራ የዲስክ ክምችት) ውስጥ ያሉ ዳታሴቶች የቀረውን ቦታ ይጋራሉ፣ ግን ለየብቻቸው ፋይል ሲስተም ናቸው። ኤፍኤስአይዲያቸው ይለያያል። የተያዘውም ይለያያል። ጠቅላላ የሚባለው ደግሞ የራሱ የተያዘ ሲደመር የቀረው ስለሆነ እሱም ከረድፍ ረድፍ ይለያያል፣ ጎረቤቱ ሲጽፍም ይቀንሳል። የሚመሳሰለው የቀረው ብቻ ነው፣ እሱም ኮታ ካልተደረገ። እዚህ ላይ መቁጠር ያለባችሁ ፑሉን ነው።

ከዚህ በኋላ የስክሪፕቱ አሠራር ግልጽ ነው። ማውንቶቹን ዘርዝሩ፣ በሰርቨርና በፋይል ሲስተም አቧድኑ፣ ከየቡድኑ አንድ ረድፍ ብቻ ውሰዱ፣ ያንን ብቻ ደምሩ።

ደረጃ 5፦ ሰርቨሩ ዝም ሲል

የኤንኤፍኤስ ማውንት ካልቀየራችሁት «ሃርድ» ነው። ሰርቨሩ ካልመለሰ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል። ዲኤፍም አብሮ ይደርቃል። በየአምስት ደቂቃው የሚነሳ ስክሪፕት ከሆነ የደረቁ ዲኤፎች ይከመራሉ።

«ሶፍት» አድርገው የሚገላገሉ አሉ። ዳታ የሚጻፍበት ማውንት ላይ ይህን አልመክርም። ጊዜው ሲያልፍ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልስለታል፤ ፕሮግራሙ ስህተቱን ካላየው ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። የዲስክ ቁጥር ለማየት ብሎ የሰው መዝገብ አደጋ ላይ አይጣልም።

ይልቅ ለዲኤፍ ገደብ ስጡት። «ታይምአውት ሰረዝ ኤስ ኪል 10» ብላችሁ ከኋላው ዲኤፍን ከነማውንቱ አድራሻ ጻፉ። ኪል የሚለው በትልልቅ ፊደል ነው። በ10 ሰከንድ ካልመለሰ ይገደላል። ያኔ የመውጫ ቁጥሩ 137 ይሆናል፣ ስክሪፕታችሁ ይህን ይለይ። ሁሉንም ማውንት በአንድ ዲኤፍ አትጠይቁ። አንዱ ሲደርቅ የጤነኞቹን መልስ ይዞ ይቀራል። ለእያንዳንዱ የራሱን ጥሪ ስጡት።

መልስ ካልመጣ ምን ይጻፋል? ዜሮ አይጻፍ። ዜሮ «ሞልቷል» ማለት ነው፣ ሰው ያስደነግጣል። የትናንቱም አይደገም። «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፣ ሰዓቱንም ጨምሩበት። ድምሩ ላይም አንድ ሰርቨር እንደጎደለ ይታይ።

ሌሎች ወጥመዶች በአጭሩ

ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ከተባላችሁ «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» በሉ። አይኖድ (ለየፋይሉ አንድ የሚሰጥ የመዝገብ ቦታ) አልቆ ይሆናል። ትንንሽ ፋይሎች በሚሊዮን ሲከማቹ ይህ ይመጣል። የተጠቃሚ ኮታም ዲኤፍ ላይ አይታይም፤ ዲስኩ 350 ጊጋ ቢኖረውም ለእርስዎ የተፈቀደው 5 ጊጋ ካለቀ አለቀ። «ኮታ ሰረዝ ኤስ» ይነግራችኋል፣ ሰርቨሩ የኮታ አገልግሎቱን ከከፈተ።

ዲዩ እና ዲኤፍ የማይስማሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ዲዩ የሚያያቸውን ፋይሎች ይደምራል፣ ዲኤፍ የፋይል ሲስተሙን ሂሳብ ይናገራል። ሰርቨሩ ላይ ተሰርዞ ግን በፕሮግራም የተያዘ ፋይል ዲዩ ላይ የለም፣ ዲኤፍ ላይ አለ። ስናፕሾትም (የፋይል ሲስተሙ የቆየ ቅጂ) እንዲሁ። ክላየንት ላይ ክፍት ሆኖ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ በነጥብና በኤንኤፍኤስ የሚጀምር ስም ይዞ ይቀመጣል። ያንን በእጅ አታጥፉት፤ የያዘውን ፕሮግራም ዝጉ፣ ራሱ ይጠፋል።

ኮድ ለምትጽፉ አንድ ነገር። የቦታውን ቁጥር ለፕሮግራም የሚሰጠው ስታትቪኤፍኤስ የሚመልሰው ብሎክ እንጂ ባይት አይደለም። የቀሩትን ብሎኮች «ኤፍ ፍራግሳይዝ» በምንለው፣ በኮዱ «ኤፍ አንደርስኮር ኤፍአርሳይዝ» በተባለው አባዙ። ብሎክ 4096 ባይት ነው ብላችሁ በጭራሽ አትገምቱ። ኤንኤፍኤስ ላይ ብዙ ጊዜ 1048576 ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ4096 ካባዛችሁ 256 እጥፍ ያንሳል፤ 180 ጊጋባይት ቀርቶ ከ1 ጊጋ በታች ነው የቀረው ትላላችሁ። «ስታት ሰረዝ ኤፍ» ብላችሁ የማውንቱን አድራሻ ብትሰጡ የብሎኩን መጠን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሪፖርቱ ምን ይምሰል

የእኔ አሁን በማውንት አይደረደርም። በፋይል ሲስተም ነው። በአንዱ ረድፍ ላይ የሰርቨሩ ስም፣ የፋይል ሲስተሙ ስም፣ የቀረው በባይት፣ ከጎኑ በጊጋባይት፣ የቀረው አይኖድ፣ የተጠየቀበት ቀንና ሰዓት አለ። ከሥሩ ደግሞ በዚያ ጎተራ የሚጠቀሙ ማውንቶች ስም ይዘረዘራል፣ ያለ ቁጥር። መዝገብ ቤት፣ ስካን፣ ሠራተኞች። የመዝገብ ቤቷ እናት ወረቀቱን ሲያዩ ከማን ጋር እንደሚጋሩ ያውቃሉ።

ባለፈው አዲስ መዝገብ ከሸዋ ሮቢት ሊመጣ ሲል ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ስንት አለን? የሁላችን ስንት ነው ማለቴ ነው።»

ያቺን አንድ ረድፍ አየሁና ነገርኳቸው።